ኮከቡ ለማን ነው? የሕክምና ላቦራቶሪዎች የአክሬዲቴሽን መመዘኛ ከመቱ ሲታይ

ሐኪም በየቀኑ ከሚሰጣቸው ውሳኔዎች ብዙዎቹ የሚያርፉት ከላቦራቶሪ በመጣ ወረቀት ላይ በሰፈረ አንድ ቁጥር ነው። በጾም የተወሰደ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ መኖሩን ያመለክታል፤ ከዚያ በታች ከሆነ የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው። ትክክለኛው የስኳር መጠኑ 118 የሆነ ሰው፣ 8 በመቶ ጨምሮ በሚያነብ መሣሪያ ቢመረመር ውጤቱ 127 ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ እንደ ደንቡ ምርመራው በሌላ ቀን እንዲደገም ቢያዝም መሣሪያው ያው ከሆነ ስሕተቱም ያው ይሆናል። በዚህ ሂደት ውስጥ ሥራውን ያጓደለ ባለሙያም ሆነ ትእዛዝ ያሳሳተ ሐኪም የለም። ሆኖም የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ለረዥም ዘመን የመድኃኒት ተገዢ ሊሆን ይችላል።

የላቦራቶሪዎች አክሬዲቴሽን፣ ማለትም ብቃትን በገለልተኛ አካል አስመርምሮ የማረጋገጥ ሥርዓት፣ የተፈለገው እንዲህ ያለውን የማይታይ ስሕተት ለማግኘትና ለመከላከል ነው። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሥርዓቱ በአፍሪካም ሆነ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የዋለበት መንገድ፣ ነጥብ የሚሰጥባቸው ጉዳዮችና የሚዘለሉት፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ሲታይ ያለው ትርጉም ሊመረመር የሚገባው ነው። ለዚህም የሶር ወንዝ የሚያልፍበት የኢሉባቦር ምድር፣ በተለይም መቱና አካባቢዋ ጥሩ ማሳያ ይሆናሉ።

ማረጋገጫው የሚናገረውና የማይናገረው

በዚህ መስክ በአብዛኛው የሚጠቀሱት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሁለት ናቸው። የፍተሻና የካሊብሬሽን ላቦራቶሪዎች የሚመዘኑት በአይ.ኤስ.ኦ./አይ.ኢ.ሲ. 17025 ሲሆን፣ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣውና በ2007፣ በ2012 እና በ2022 በተሻሻለው አይ.ኤስ.ኦ. 15189 ይመዘናሉ። ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የሆስፒታሉ ፒፔት፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር በካሊብሬሽን ላቦራቶሪ ካልተፈተሹ፣ በእነርሱ የተሠራው የሕክምና ምርመራ የሚመሰክርለት መነሻ አይኖረውም።

በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ዘወትር የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሥራ አመራር ሥርዓት የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ይህ አንድ ድርጅት ሥራውን በሥርዓት እንደሚመራ ይናገራል። ሁለተኛው አክሬዲቴሽን ሲሆን፣ ይህ ደግሞ አንድ ላቦራቶሪ ተለይተው የተጠቀሱ ፍተሻዎችን፣ በተጠቀሰው ዘዴ፣ በብቃት መሥራት እንደሚችል ይመሰክራል። ስለዚህ «አክሬዲት የተደረገ ሆስፒታል» ወይም «አክሬዲት የተደረገ ላቦራቶሪ» የሚለው አነጋገር በጥብቅ ሲታይ ጎዶሎ ነው። አክሬዲት የሚደረገው ፍተሻ ነው። ከማረጋገጫው ጋር ተያይዞ የሚሰጠው የወሰን ዝርዝር የትኞቹ ፍተሻዎች እንደተካተቱ ይገልጻል። በዝርዝሩ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ መጠን ምርመራ ብቻ ተጠቅሶ ከሆነ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ባለሙያ የሚሠራው የወባ ደም ፊልም በማረጋገጫው አልተሸፈነም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት የሚያይ ሐኪም ግን ዝርዝሩን ጠይቆ የሚያነብበት ጊዜ እምብዛም ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ በአገር ውስጥ ለማከናወን መሠረት የተጣለው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቀድሞ የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ጠቅልሎ ይዟቸው የነበሩት ተግባራት ለአራት ተቋማት ተከፋፈሉ። ደረጃ ማውጣት ለደረጃዎች ኤጀንሲ፣ የልኬት ጉዳይ ለብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት፣ ፍተሻና የምስክር ወረቀት መስጠት ለተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ አክሬዲቴሽን ደግሞ በኋላ የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ለተባለው ለብሔራዊ አክሬዲቴሽን ጽሕፈት ቤት ተሰጡ። መለየታቸው ተገቢ ነበር። የሚፈትሸውና የፈታሹን ብቃት የሚመሰክረው አንድ አካል ሲሆን ምስክርነቱ ተአማኒነት ያጣልና።

የነጥቡ ክብደት የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ማፑቶ ላይ የአፍሪካ አገሮችና አጋሮቻቸው የላቦራቶሪ ሥርዓትን ለማጠናከር የጋራ መግለጫ አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ኪጋሊ ላይ ስሊፕታ የተባለውን፣ ደረጃ በደረጃ ወደ አክሬዲቴሽን የሚያደርሰውን መመዘኛ ይፋ አደረገ። ላቦራቶሪዎች ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ከ55 በመቶ በታች ያገኘ ኮከብ የለውም፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ባለ አምስት ኮከብ ይባላል።

የዚህ መመዘኛ ውለታ ሊካድ አይገባም። ከእርሱ በፊት አይ.ኤስ.ኦ. 15189 ለአብዛኛው የአፍሪካ ሆስፒታል እንደ ሰማይ የራቀ ነበር። ወይ ሙሉ በሙሉ ማሟላት፣ ወይ ምንም አለመሆን እንጂ መካከለኛ መንገድ አልነበረውም። ኮከቡ ጀማሪው ላቦራቶሪ እንዲጀምር፣ የጀመረውም የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ረድቷል። የአሠራር መመሪያ ያልነበራቸው ክፍሎች መመሪያ ጻፉ፤ የኮንትሮል ውጤት የማይመዘግቡ መመዝገብ ጀመሩ፤ የሪኤጀንት ማብቂያ ቀን የሚከታተል ሰው ተመደበ።

ይሁን እንጂ መመዘኛው እንደ ጽሑፍ ሲነበብ ክብደቱን የት ላይ እንዳሳረፈ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሁለተኛ እትም 12 ክፍሎችና በድምሩ 275 ነጥቦች ነበሩት። ከፍተኛውን ነጥብ፣ 43፣ የያዘው ስለ ሕንፃና ስለ ባዮ ሴፍቲ የሚጠይቀው ክፍል ነበር። መሣሪያዎች 35፣ የፍተሻ ሂደት ቁጥጥር 32፣ ሰነድና መዝገብ 28 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። የላቦራቶሪው ተገልጋዮች ጉዳይ፣ ማለትም ለሐኪሙ ምክር መስጠት፣ የተገልጋዩን ቅሬታ መቀበልና ማስተናገድ፣ አገልግሎት ሲቋረጥ ማሳወቅ፣ ያገኘው 10 ነጥብ ነበር። ከ12ቱ ክፍሎች ዝቅተኛው ይኸው ነው።

ስሌቱ ከዚህ ይከተላል። አንድ ላቦራቶሪ በተገልጋዮች ክፍል ከ10 ነጥብ አንድም ሳያገኝ፣ በሌላው ሁሉ ሙሉ ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 265 ይሆናል። ይህም ከ96 በመቶ በላይ በመሆኑ አምስት ኮከብ ያሰጠዋል። ሐኪም የማያማክር፣ ቅሬታ የማይሰማ፣ ምርመራ ሲያቆም ለማንም የማይናገር ላቦራቶሪ በነጥብ ድምር ሲለካ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር ማለት ነው። ይባስ ብሎም የሂደት ቁጥጥሩን 32 ነጥብ ጠቅላላ ያጣ ላቦራቶሪ 243 ነጥብ፣ ማለትም 88 በመቶ፣ ይዞ ባለ አራት ኮከብ ሊባል ይችል ነበር። በተግባር እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ማግኘት ያስቸግራል፤ በሌላው ሙሉ የሆነ በዚህ ዜሮ አይሆንምና። ነገር ግን ሁሉንም ነገር በአንድ ድምር የሚቀላቅል መመዘኛ፣ ለሕይወት የሚያሰጋውን ጉድለት ከማያሰጋው እንደማይለይ ስሌቱ በግልጽ ያሳያል። የቢሮ ካቢኔ ቁልፍና የኮንትሮል ውጤት በአንድ ሚዛን ላይ አይወጡም።

በመከላከያነት የሚቀርበው ክርክር፣ ተገልጋዩን የሚጠቅሙ ጥያቄዎች በሌሎቹም ክፍሎች ተበትነው ይገኛሉ የሚል ነው። እውነትነት አለው። ሆኖም የነጥብ ክፍፍል የሥራን አቅጣጫ ይወስናል። ሊመዘን የሚዘጋጅ ክፍል ጉልበቱን የሚያፈሰው ብዙ ነጥብ ወዳለበት ነው። በየአገሩ የታወቀው ችግርም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ኦዲተር ሊመጣ ሲል ለወራት ባዶ የቆየ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል፤ የሌቪ-ጄኒንግስ ሠንጠረዥ አንድም ነጥብ ከመስመር ሳይወጣ ይታያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ከ20 የኮንትሮል ውጤቶች አንዱ ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ውጭ ሊወድቅ እንደሚችል ያውቃል። ወር ሙሉ የማይነቃነቅ ሠንጠረዥ የጥራት ሳይሆን የይስሙላ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአይ.ኤስ.ኦ. 15189 እትም ይህን ጉድለት በከፊል የተገነዘበ ይመስላል። የሰነድ ብዛትን ከመቁጠር ይልቅ ስሕተት በሕመምተኛው ላይ የሚያስከትለውን አደጋ አስቀድሞ መገመትን አጉልቷል፤ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚሠሩ ምርመራዎችንም በውስጡ አካትቷል። የተሻሻለው ደረጃ በየሆስፒታሉ ሲተረጎም የቀድሞውን የነጥብ ለቀማ ልማድ ይዞ እንዳይቀጥል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቡናውና ሕመምተኛው

ከኢሉባቦር የሚወጣው ዋነኛ ምርት ቡና ነው። በያዮ ያለው የዱር ቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ቡና የፍተሻን ዋጋ ለኢትዮጵያ ያስተማረበት አጋጣሚም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ማግኘቷን አስታወቀች፤ ወደዚያ የሚላከውም ቡና በእጅጉ ቀነሰ። የችግሩ ምንጭ ቡናው የታጨቀባቸው ከረጢቶች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። በገዢው ዘንድ ተቀባይነት ያለው የፍተሻ ውጤት በአገር ውስጥ ማግኘት የቱን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ነጋዴውም መንግሥትም የተረዱት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የቡናው ፍተሻ እንዲሻሻል ግፊት ያደረገው ውጤቱን አልቀበልም የማለት አቅም ያለው ገዢ ነው። ማረጋገጫ የሌለውን ውጤት ይመልሳል፤ ዕቃውንም አይወስድም። ከአልጌ ወይም ከዳሪሙ ተነሥቶ ወደ መቱ የመጣ ሕመምተኛ ግን ውጤቱን አልቀበልም ሊል አይችልም። ፒፔቱ መቼ እንደተፈተሸ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ላቦራቶሪ የሚሄድበት ገንዘብም የለውም። የቡናው ጆንያ ጠበቃ አለው፤ ደሙን የሰጠው ሰው የለውም። ስለ እርሱ ሆኖ መጠየቅ የሚችለው ምርመራውን ያዘዘለት የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። በመመዘኛው ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘው ደግሞ በላቦራቶሪውና በዚህ ባለሙያ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚዛን

ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የምትርቀው መቱ፣ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲና የመቱ ካርል ሆስፒታል የሚገኙባት፣ ለሰፊው የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የሕክምና መዳረሻ የሆነች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ሥፍራ የካሊብሬሽን ጥያቄ ከወረቀት ወደ መንገድ ይወርዳል።

ቴርሞሜትርና ፒፔት ታሽገው ወደ አዲስ አበባ ሊላኩ ይችላሉ፤ እስኪመለሱ ግን በምን ይሠራል የሚለው መልስ ይፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በመንገድ መንገጫገጭ ልኩ ከመዛባቱ በላይ፣ የምድር ስበት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሚዛን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ባለችው መቱ ያንኑ ዕቃ ጥቂት አክብዶ ያነባል። ልዩነቱ በገበያ ሚዛን አይታወቅም፤ ሚሊ ግራሞችን ለሚለይ የላቦራቶሪ ሚዛን ግን ይታያል። ስለዚህ ሚዛን መፈተሽ ያለበት በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ማረጋገጫ ይዞ ከመዲናዪቱ የተመለሰ ሚዛን ለኦዲተሩ ነጥብ ይሆን ይሆናል እንጂ ለሕመምተኛው ዋስትና አይሆንም።

የመብራት ጉዳይም አለ። በሶር ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ብርሃን የሰጠ ባለውለታ ነው። ይሁንና መብራት በየትኛውም የገጠር ከተማ መቆራረጡ አይቀርም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ ያለበት ሪኤጀንት ሌሊት ሲሞቅና ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ይህን አይነግርም። የሌሊቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ተራ ቴርሞሜትር ከብዙ ገጽ ሰነድ ይበልጣል።

በአካባቢው አቅም ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ። 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ የሚመዝነው 100 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ጥሩ ሚዛን ያለው ክፍል ፒፔቱን በየሦስት ወሩ አሥር ጊዜ ውኃ እየቀዳ በመመዘን፣ በሁለት ዋና ካሊብሬሽኖች መካከል ልኩ መሳቱን ሊያውቅ ይችላል። ይህ ዋናውን ካሊብሬሽን አይተካም፤ ችግሩን ግን ቀድሞ ያሳያል።

ከዚያም አልፎ ትብብር የሚቻልበት ሁኔታ አለ። የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በደሌ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡና እየተረከበ ደረጃ ያወጣባታል። ሁሉም ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና መሰል መለኪያዎችን ይጠቀማሉ። የሰው ጤና፣ የእንስሳት ጤና፣ የቡናው ንግድና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት ቢጠይቁ፣ አንድ የካሊብሬሽን ቡድን በአንድ ጉዞ በደሌን፣ መቱንና ጎሬን ሊያዳርስ ይችላል። ለአንድ ሆስፒታል ብቻ ውድ የሆነው ጉዞ ለአምስት ተቋማት ሲከፋፈል ይቀላል።

በትክክል የተሠራ የተሳሳተ ምርመራ

የአክሬዲቴሽን ትችት በላቦራቶሪው በር ላይ ሊቆም አይገባውም። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሕመምተኛ ሁሉ ዊዳልና ዌል-ፊሊክስ የሚታዘዝለት አሠራር በአገሪቱ በሰፊው ይታያል። አንድ ጊዜ ብቻ በተወሰደ ደም የሚሠራው የዊዳል ምርመራ፣ በተለይ በሽታው በሚበዛበት አካባቢ፣ የቀድሞ ሕመምንና ሌላ ኢንፌክሽንን ከአሁኑ ታይፎይድ ለመለየት ብቃቱ ደካማ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ላቦራቶሪው ምርመራውን እንደ መመሪያው ያለ አንዳች እንከን ቢሠራው እንኳ፣ ውጤቱ በትክክል የተሠራ ደካማ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ቫይረሱ ከ100 ሰዎች በአንዱ ላይ በሚገኝበት ማኅበረሰብ 1,000 ሰዎች 99 በመቶ ልዩ ጠቋሚነት ባለው ምርመራ ቢመረመሩ፣ እውነተኛዎቹ 10 ሲሆኑ በስሕተት አዎንታዊ የሚወጡትም ወደ 10 ይጠጋሉ። አንድ ምርመራ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። የሁለት ምርመራዎች ውጤት ሲጋጭ ሦስተኛውን እንደ ዳኛ ወስዶ ቫይረሱ አለ ብሎ መደምደም፣ ቫይረሱ የሌለባቸውን ሰዎች እንዳለባቸው ለማስቆጠር ምክንያት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ የዳኛ ምርመራ አሠራር እንዲቀር መክሯል። በዚያ አሠራር የተሳሳተ ውጤት የተሰጠው ሰው ላቦራቶሪው ባለ አምስት ኮከብ መሆኑ አያድነውም ነበር። ስሕተቱ ያለው ከእጅ ሥራው ሳይሆን ከምርመራው ቅደም ተከተል ነውና።

አይ.ኤስ.ኦ. 15189 ላቦራቶሪው ስለ ምርመራ ምርጫና ስለ ውጤት ትርጉም ለሐኪሙ ምክር እንዲሰጥ ያዛል። ይህ አንቀጽ ሕይወት የሚኖረው ግን ሐኪሙ ለመጠየቅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም «ይህ ምርመራ ለዚህ ሕመም አይጠቅምም» ለማለት ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ሐኪሙ ትእዛዝ ሰጪ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ትእዛዝ ፈጻሚ ሆነው በሚተያዩበት ቤት ምክር በቅጽ ላይ ብቻ ይኖራል።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

እንግዲህ አክሬዲቴሽን ጠያቂ ያስፈልገዋል። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያሉ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ለላቦራቶሪው አራት ጥያቄዎች ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ይህ ምርመራ በአክሬዲቴሽኑ ወሰን ውስጥ ነው ወይ? የዛሬው ኮንትሮል አልፏል ወይ? በመጨረሻው የውጭ ጥራት ምዘና ላቦራቶሪው በዚህ ምርመራ ምን ውጤት አገኘ? አደገኛ ውጤት ሲገኝ ለማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ይነገራል? እነዚህ ባለሙያን የማዋረጃ ጥያቄዎች አይደሉም። የቡና ገዢ ያለ ኀፍረት የሚጠይቃቸው ዓይነቶች ናቸው።

ጥያቄው ወደ ጠያቂውም ይመለሳል። ላቦራቶሪው ፒፔቱን በማስፈተሽ ሲደክም፣ በምርመራ ክፍል ያለው የደም ግፊት መለኪያ አየሩ ወጥቶ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን የሚያየው ማን ነው? የሕፃናቱ ሚዛን መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? በኪሎ ግራም እየተሰላ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ የተመሠረተው በዚያ ሚዛን ላይ ነው። ጥራት የላቦራቶሪ ብቻ ግዴታ ተደርጎ በተወሰደበት ተቋም ከላቦራቶሪ የወጣው ትክክለኛ ቁጥር ካልተፈተሸ ቁጥር ጋር ተቀላቅሎ ውሳኔ ይሰጥበታል።

መመዘኛውን የሚያወጡና የሚያሻሽሉ አካላት ደግሞ ሁለት ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። አንደኛ፣ የኮንትሮል፣ የውጭ ጥራት ምዘናና የአደገኛ ውጤት አሳዋቂነት ጥያቄዎች ከድምሩ ተለይተው፣ በእነርሱ የወደቀ በሌላው ነጥብ ሊያካክስ የማይችልባቸው ቢሆኑ። ሁለተኛ፣ ኦዲተሩ ወደ ላቦራቶሪው ከመግባቱ በፊት ወደ ሕሙማን ክፍል ሄዶ፣ ተረኛውን ሐኪም ስለ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚተማመንና ስንቶቹን እንዳስደገመ ቢጠይቅ። የላቦራቶሪን ብቃት ከሰነዱ ይልቅ በውጤቱ የሚሠራው ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል።

ኮከብ መስጠቱ ይቀጥል፤ ላቦራቶሪዎችም ለኮከቡ መትጋታቸውን አያቋርጡ። ነገር ግን የትጋቱ መለኪያ ከአልጌ የመጣው ሕመምተኛ ያገኘው ውጤት፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ዓለም ቢመረመር ከሚያገኘው ጋር መስማማቱ ሊሆን ይገባል። የአክሬዲቴሽን ትርጉም ከመነሻው ይኸው ነበር።